ለአንድ ዓመት 12 መንፈሳዊ ግብ ይበዛል ወይ?

ይህ በኢንተርኔት ላይ የተደረገ የአንድ የውይይት ክር ማጠቃለያ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌሎች በተራ ይመልሳሉ። ክሩን የከፈተው ሰው ለአዲሱ ዓመት 12 መንፈሳዊ ግብ ይዞ ነው የመጣው። መጽሐፍ ቅዱስን በቀን 3 ምዕራፍ እያነበቡ በዓመት መጨረስ፣ በየቀኑ 1 ሰዓት መጸለይ፣ በሳምንት 2 ቀን መጾም፣ 52 ጥቅስ በቃል መያዝ፣ አሥራት ሳያጓድሉ መስጠት፣ ሐሜት ማቆም፣ ትዕግሥተኛ መሆን፣ የተጣሉትን ሁሉ ይቅር ማለት፣ 12 ሰው ወደ እምነት ማምጣት፤ የቀሩትም በዚያው ልክ የተሰፉ ናቸው። የጠየቀው ከየትኛው ልጀምር ብሎ ነበር። ሰውን ያናገረው ግን ጥያቄው ሳይሆን ከሥሩ ጣል ያደረጋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፤ እግዚአብሔር ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ማቀድ የእምነት ማነስ ነው ትላለች።

1ኛው መልስ ለስለስ ያለ ነው። ሰላምታና ምርቃቱን አስቀደመና የግቦቹን ደግነት ሳይነካ ደቂቃቸውን ብቻ ደመረ። ጸሎቱ 60፣ ንባቡ አንድ ምዕራፍ በ5 ደቂቃ ቢነበብ 15፣ የቃል ጥናቱ 10፣ የቀረው ሁሉ ተጠቅልሎ ሌላ 15፤ በጠቅላላው 100 ደቂቃ። ዛሬ በቀን 10 ደቂቃ ለማይጸልይ ሰው ይህ 1 ሰዓት ከ40 ከእንቅልፍ ይቆረጥ፣ ከስልክ ይቆረጥ ወይስ ከቤተሰብ፣ በዕቅዱ ላይ አልተጻፈም። በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስታውሶ ነው የጨረሰው።

2ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ምሰሶ ነው። 12ቱን ግቦች በሦስት ክምር ለያቸው። የመጀመሪያው ክምር ሰው ዛሬ ተነሥቶ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው፤ ማንበብ፣ መጸለይ፣ መስጠት። ሁለተኛው ፍሬ ነው፤ ትዕግሥት፣ ፍቅር፣ የዋህነት። ገላትያ 5፥22 እነዚህን የመንፈስ ፍሬ ስለሚላቸው ይለመናሉ እንጂ በቀን መቁጠሪያ ላይ አይሰፍሩም። ሦስተኛው በሌላ ሰው ልብና በእግዚአብሔር እጅ ያለ ነው፤ 12 ሰው ማምጣት ከዚህ ይመደባል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥6 ጳውሎስ ተከለ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ ያሳደገ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በዕቅድ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ክምር ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ ሥራ ተተርጉመው ይገባሉ። 12 ሰው ማምጣት የሚለው ለ2 ሰዎች በስም በየሳምንቱ መጸለይና በወር አንዴ ከአንዳቸው ጋር ተቀምጦ መነጋገር ይሆናል ማለት ነው።

3ኛው ይህንን ተቀብሎ ሐሜትን ምሳሌ አደረገ። ኤፌሶን 4፥28 ሌባው አይስረቅ ብሎ አይበቃውም፤ በእጁ እንዲሠራ፣ ከሠራውም ለጎደለው እንዲያካፍል ይጨምርበታል። ማቆም ብቻውን ግብ ሲሆን ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ያው የድሮው ልማድ ይሞላዋል። ስለዚህ ግቡ ሦስት እጅ እንዲኖረው ይመክራል። አንደኛ፣ በሌለ ሰው ላይ ወሬ ሲነሣ ስለዚያ ሰው አንድ እውነተኛ በጎ ነገር መናገር፤ ሁለተኛ፣ በጎ ነገር ካልተገኘ ወሬውን መቀየር ወይም መነሣት፤ ሦስተኛ፣ አምልጦ ከተነገረ አብሮ ለሰማው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተናግሬው የነበረው ልክ አልነበረም ማለት። ሦስተኛዋ መራራ ናት። የምትሠራውም እሷው ናት፤ አንድ ሁለቴ ያደረጋት ሰው አንደበቱን ሳይታዘዝ ይቆጥባል።

ከ4ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ሒሳብ ገባ፤ ሒሳብ የማይወድ አንባቢ ይህችን ክፍል ቢዘልም አይቀየምም። 4ኛው መላሽ በ66ቱ መጻሕፍት ቆጠራ ብሉይ 929፣ አዲስ ኪዳን 260፣ ድምሩ 1189 ምዕራፍ መሆኑን ጻፈ። በቀን 3 ምዕራፍ በ365 ቀን 1095 ብቻ ነው፤ 94 ምዕራፍ ይጎድላል። እንዲሞላ ከተፈለገ በስድስቱ ቀን 3፣ በእሑድ 5 ማንበብ ያስፈልጋል፤ በሳምንት 23፣ በ52 ሳምንት 1196 ይሆናል። ሰዎች የሚወድቁበትንም ቦታ አመለከተ፤ ዘፍጥረት 50፣ ዘጸአት 40 ስለሆነ በቀን 3 የሚያነብ ሰው በ31ኛው ቀን ዘሌዋውያን በር ላይ ይቆማል። ከዚያ ዘሌዋውያንና ዘኍልቍ 63 ምዕራፍ፣ ማለትም 21 ቀን ናቸው።

5ኛው አላለፈለትም። መውደቁ የሚጀምረው ዘሌዋውያን ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ዘጸአት 25 ላይ መሆኑን ይከራከራል። ታሪኩ ሲና ተራራ ላይ ደርሶ በድንገት ወደ ሰሌዳ፣ ቀለበት፣ መጋረጃና ክንድ ልኬት ይዞራል፤ ይህ በ25ኛው ቀን ነው። ከ35 እስከ 40 ያው ልኬት ሲሠራ በድጋሚ ይነበባል። አንባቢ ሁለተኛውን ዙር የጻፈው ሰው የተሳሳተ ይመስለውና መዝለል ይጀምራል፤ መዝለል የለመደ ዓይን ደግሞ ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ አይቆምም። መድኃኒቱ ከ25 እስከ 31 ሲነበብ የመገናኛውን ድንኳን (የእስራኤልን የአምልኮ ድንኳን) ንድፍ በአንድ ወረቀት ላይ መሣል ነው ይላል። 100 ክንድ በ50 ክንድ የሆነ አደባባይ፤ በውስጡ ከመግቢያው ጀምሮ መሠዊያው፣ የመታጠቢያ ሰኑ፣ ከዚያ ድንኳኑ፤ በድንኳኑ ውስጥ ገበታው፣ መቅረዙ፣ የዕጣን መሠዊያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ታቦቱ። ከ35 ወዲያ ሲነበብ እያንዳንዱ ዕቃ ተሠርቶ በቦታው ሲገባ በሥዕሉ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ዘሌዋውያን ሲመጣም ካህኑ የት እንደቆመ ይታያል። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዤ ብወጣ ይህችን ነው የምይዘው።

6ኛው አጭር እርማት ነው፤ 1189 የሚለው ቁጥር ለ66ቱ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከዚያ በላይ መጻሕፍት የያዘ ክርስቲያኖች የራሳቸውን እትም ማውጫ ደምረው መነሣት አለባቸው። 7ኛው ከዚሁ ቀጥሎ የመዝሙር ቁጥርን አነሣ። የዕብራይስጡ ቁጥር 9ንና 10ን ለያይቶ ሲቆጥር የግሪኩ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ ዘንድ 23 የሆነው ሌላው ዘንድ 22 ነው። የግሪኩ 114ንና 115ንም ያጣምራል፣ 116ንና 147ን ይከፍላል፤ በሁለቱም እኩል የሚሄዱት ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ያሉት ናቸው። የንባብ ሠንጠረዡ በአንዱ ቁጥር፣ በእጅ ያለው መጽሐፍ በሌላው ከሆነ ሰው ወራት ሙሉ ከሠንጠረዡ አንድ መዝሙር ፈቀቅ ብሎ ያነባል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን ገልጦ ቁጥሩን ማየት።

8ኛው መላሽ በተራ ማንበብን ራሱን ተቃወመ። በቀን 3 ምዕራፍ ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ የሚሄድ ሰው ማቴዎስ 1ን የሚያገኘው በ310ኛው ቀን ነው፤ ክርስቲያን የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ወንጌል ሳይከፍት ይኖራል ማለት ነው። አማራጭ ያደረገው በ1842 ሮበርት መሪ መክቼን የተባለው የስኮትላንድ መጋቢ ለምእመናኑ ያዘጋጀውን ሠንጠረዥ ነው፤ በቀን 4 ምዕራፍ ከአራት የተለያዩ ቦታዎች እየተነበበ ብሉይ አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንና መዝሙር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጠናቀቃሉ። 9ኛው መላሽ ያው መክቼን ሠንጠረዡን ሲሰጥ አደጋዎቹንም አብሮ እንደዘረዘረ ጨመረ፤ ልማድ ብቻ ሆኖ መቅረቱን፣ ራስን ጻድቅ ማድረጉን፣ ግድየለሽ ንባቡን፣ ለአንዳንዶች ከባድ ቀንበር መሆኑን። የዕቅዱ ባለቤት ራሱ የፈራውን እኛ ሳንፈራ መጀመራችን ይገርመኛል ብሎ ነው የተሰናበተው።

10ኛው ቀለል ያለ መንገድ አቀረበ። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በ52 ሳምንት ልክ 260 ይሞላል፤ ሁለቱ ቀን ያመለጠውን ለመያዝ ይተርፋሉ። ከዚህ ጎን የምሳሌ መጽሐፍ 31 ምዕራፍ ስላለው በወሩ ቀን ቁጥር ይነበባል፤ ወሩ 30 ቀን ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው ይገባሉ።

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። 11ኛው መላሽ ሁላችሁም የምዕራፍ ነጋዴ ሆናችኋል ይላል። አንድን ምዕራፍ ሳምንት ሙሉ ያሰላሰለ ሰውና 23 ምዕራፍ የሮጠ ሰው ማን የበለጠ እንደተጠቀመ ይጠይቃል፤ መልሱን ራሱ ያውቀዋል። 12ኛው ደግሞ ምፀት ጨመረበት፤ ሳምንት ሙሉ አንድ ምዕራፍ አሰላስላለሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሙሉ የሚያሰላስለው ያንኑ የሚወደውን ምዕራፍ ነው፤ ዕንባቆምን ያሰላሰለ አላየሁም አለ። ሁለቱም ከፊል ትክክል ናቸው። 13ኛው ነው ያስማማቸው፤ ሰፊው ንባብ አገሩን ለማወቅ፣ ጠባቡ ለመኖር። በሰፊው ንባብ ሲያልፉ የያዘችን አንዲት ቁጥር ጽፎ በማግሥቱ ለ5 ደቂቃ እሷን ብቻ ደጋግሞ ማንበብ ሁለቱንም ያስኬዳል።

ከዚህ ወዲያ ክሩ ዋናውን ጉዳይ አገኘው፤ ያመለጠ ቀን ምን ይደረጋል?

14ኛው መላሽ የዓመት ዕቅዶች የሚሞቱት በስንፍና ሳይሆን በዕዳ ነው ይላል። ሰው 4 ቀን ታሞ ሲነሣ 12 ምዕራፍ ይጠብቀዋል፤ ሊከፍል ሲሞክር ሦስት ምዕራፍ አንብቦ ይደክመዋል፣ በማግሥቱ ዕዳው 15 ነው፤ በሳምንቱ መጽሐፉን ማየት ራሱ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ያመለጠውን ትቶ በዛሬው ቀን መቀጠል፣ ያመለጠውም በሚመጣው ዓመት ይገናኛል። 15ኛው በዚህ ተቆጣ። መዝለል የተፈቀደበት ዕቅድ ዕቅድ አይደለም፤ ሰው ዘሌዋውያንን ሆን ብሎ ታምሞ ይዘለዋል። (ይህችን ያነበበ ሁሉ የሳቀ ይመስላል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት መልሶች ሳቅ ብቻ ናቸው።)

18ኛው የሁለቱን ጠብ በሒሳብ ፈታው። ዓመቱን 48 የንባብ ሳምንት አድርጎ በየሦስት ወሩ መጨረሻ አንዳንድ ሳምንት ባዶ መተው፤ በንባቡ ሳምንት 5 ቀን አምስት አምስት ምዕራፍ፣ በሳምንት 25፤ በ48 ሳምንት 1200 ይሆናል፣ ከሚያስፈልገው 11 ይበልጣል። በየሳምንቱ 2 ቀን፣ በየሩብ ዓመቱ 1 ሳምንት ማካካሻ አለ። ዋጋውንም አልሸሸገም፤ የንባቡ ቀን ከ15 ወደ 25 ደቂቃ ይረዝማል። ያ የሚከብደው ሰው ዓመቱን ሁለት ያድርገው፤ መጽሐፉ በ24 ወር ቢያልቅ የተጻፈ ክልከላ የለም። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ያሳስባል፤ ሠንጠረዡ ላይ ቀን አይጻፍ፣ ቁጥር ይጻፍ። የወሩ 14 ተብሎ የተጻፈ ንባብ በ15ኛው ቀን ይከስሳል፤ 38ኛ ንባብ ተብሎ የተጻፈ ግን በማንኛውም ቀን 38ኛ ነው።

19ኛው ዝም ብላችሁ 21 ቀን ታገሡ፣ ልማድ ይሆናል አለ። 20ኛው አስተካከለው፤ 21 ቀን የሚለው ነገር በ1960 ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ስለ ሕመምተኞቹ ከጻፈው የተወሰደ እንጂ በልማድ ላይ ከተደረገ ጥናት አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ሲሆን፣ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መቅረት ልማዱን ጉልህ በሆነ ሁኔታ እንዳላደናቀፈም ያው ጥናት አሳይቷል። 14ኛው መላሽ ተመልሶ መጥቶ በዚህች የመጨረሻዋ ላይ ደስታውን ገለጸ።

ስለ ጸሎት 21ኛውና 22ኛው የጻፉት ተያይዞ ይነበባል። ከዜሮ ወደ 60 ደቂቃ የሚዘል ሰው በሦስተኛው ቀን ሰዓት እያየ ይጸልያል፤ ከ10 ደቂቃ ተጀምሮ በየወሩ 5 እየተጨመረ ቢሄድ በ11ኛው ወር 60 ይደርሳል። ለ10ሩ ደቂቃ ያቀረቡት አካሄድ እንዲህ ነው፤ አንድ አጭር መዝሙር ድምፅ አሰምቶ ማንበብ፣ ከትናንት ውስጥ ሦስት ነገር በስም ጠርቶ ማመስገን፣ አንድ ኃጢአት ሳይሸፋፍኑ መናዘዝ፣ ከካርዱ ላይ መማለድ፣ በአባታችን ሆይ መዝጋት። ካርዱ ሁለት ዓይነት ነው። የየዕለቱ ከ5 ስም አይበልጥም፤ የሳምንቱ ሰባት ካርዶች በየቀኑ አራት አራት ስም ይይዛሉ። በእያንዳንዱ ስም ፊት አንድ የተቆረጠ ልመናና የተጀመረበት ቀን ይጻፋል። እገሌን ባርከው የሚል ልመና ተመለሰ አልተመለሰ አይታወቅም፤ እገሌ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የሚለው ይታወቃል። የሚበላሸው ዝርዝሩ ሲያብጥ ነው፤ 40 ስም ሲደርስ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ የስም ጥሪ ይሆናል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ካርዶቹ እንደ አዲስ ይጻፋሉ፣ የማይጻፈው ይቀራል። ስልክ ደግሞ ለደወል ብቻ እንኳ ቢሆን ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

23ኛው 52 ጥቅስ የሚለውን ወደ 26 ዝቅ አደረገው። አዲስ ጥቅስ በየሳምንቱ የሚጨምር ሰው ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን እየረሳ ነው የሚጨምረው፤ የሚያደክመው መያዙ ሳይሆን መከለሱ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ጥቅስ፤ ያንን ጥቅስ በየቀኑ ለ14 ቀን፣ ቀጥሎ በሳምንት አንዴ ለ7 ሳምንት፣ ከዚያ ወዲያ በወር አንዴ። ጥቅሶቹ ቁጥር ካላቸው የወሩ ክለሳ ይቀላል፤ 9ኛው ጥቅስ በወሩ 9 ይከለሳል። መጽሐፉ፣ ምዕራፉና ቁጥሩ ከጥቅሱ በፊትም በኋላም ይነገራል፤ ይህን ያልለመደ ሰው ቃሉን ይዞ አድራሻውን ያጣል።

ከዚያ አንድ ሰው፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ስስ ወረቀት ላይ የማይፈስ ቀለም የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። አምስት መልስ ያለ ማመንታት ጎረፈ። ከ25 እስከ 29 ያሉት የቀለም መልሶች ናቸው፤ ከሥነ መለኮቱ ይልቅ እዚህ ላይ ስምምነት መኖሩ ያስቃል። ፈሳሽ ማድመቂያ ወደ ጀርባው ገጽ ያልፋል፣ ሰም የሚመስለው ደረቁ አያልፍም፤ ለማስመር ባለ ቀለም እርሳስ፣ ለመጻፍ ተራ እስክርቢቶ በቀላሉ ሳይጫኑ፤ የጄል ቀለም እስኪደርቅ ሳይጠብቁ መጽሐፉን ከዘጉት በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ይታተማል። መጀመሪያ ከኋላ ባለው የካርታ ገጽ ጥግ ላይ መሞከር ነው።

30ኛው ክሩን ወደ ቦታው ሲመልሰው ግን እሳት ይዞ ነው። ይህ ሁሉ ሠንጠረዥ ሕግ አጥባቂነት ነው፣ ጸጋ በሠንጠረዥ አይገባም፣ ፈሪሳዊውም በሉቃስ 18፥12 በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ብሎ ነበር፣ የዚህ ክር ከፋችም ሁለት ቀን ጾም ጽፏል፤ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? 31ኛው መላሽ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ጸጋ የሚባለው ቃል በአንዳንዶች አፍ የሚመጣው ማልዶ መነሣት ሲነሣ ብቻ ነው፤ ለሥራቸው ሠንጠረዥ አላቸው፣ ለስፖርታቸው ሠንጠረዥ አላቸው፣ ለጸሎት ሲባል ጳውሎስን ይጠራሉ፤ ጳውሎስ ግን ጢሞቴዎስን እግዚአብሔርን ለመምሰል ራስህን አስለምድ ነው ያለው፤ ስለ ራሱም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ከሁሉ በላይ ደከምሁ ካለ በኋላ ነው እኔ ሳልሆን ጸጋው ያለው። አወያዩ ገብቶ ሁለቱም ቃላቸውን እንዲያለዝቡ አሳሰበ።

32ኛው በአሜሪካ የነበረውን ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስን ጠራ። በ1722 እና በ1723፣ በ19 ዓመቱ ገደማ፣ 70 ውሳኔዎች ጽፎ በሳምንት አንዴ ሊያነባቸው ቆረጠ፤ በዝርዝሩ አናት ላይ ግን ያለ እግዚአብሔር እርዳታ ምንም ማድረግ እንደማይችል ነው ያሰፈረው። 33ኛው ታሪኩን ሞላው፤ በዚያው ዘመን የያዘው የዕለት ማስታወሻ ደነዘዝሁ፣ ወደቅሁ በሚል ምሬት የተሞላ ነው። ሰባ ውሳኔ ለኤድዋርድስም በዝቶ ነበር ማለት ነው፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

34ኛው ያነሣው ከሁሉም ጠንካራው ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል፤ ዕቅድ ስእለት አይሁን። በዓመቱ መለወጫ ሌሊት በስሜት ተነሥቶ ጌታ ሆይ በየቀኑ ለአንተ ይህን አደርጋለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ዕቅድ አላወጣም፣ ተሳለ። መክብብ 5፥4-5 ተስሎ ከማስቀረት ጭራሹን አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል፤ ዘዳግም 23፥21-23ም ያንኑ ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አደርጋለሁ ሳይሆን በያዕቆብ 4፥15 እንዳለው ጌታ ቢፈቅድ ላደርግ አስቤያለሁ ተብሎ ይጻፍ፤ በስሜት ቃል ገብቶ የከበደው ሰውም ለብቻው ከመብሰልሰል ንስሐ አባቱን ወይም መጋቢውን ያማክር። 30ኛው መላሽ ይህንን ወደደው፤ በክሩ ውስጥ የተስማማበት ብቸኛ ነገር ነው።

ስለ ጾም 35ኛው ብቻ ነው በዝርዝር የጻፈው። ያልለመደ ሰው በአንድ ማዕድ ይጀምር፤ የማዕዱ ሰዓት ለጸሎት፣ የማዕዱ ወጪ በኢሳይያስ 58፥7 መሠረት ለተራበ ይሂድ፤ ሁለቱ ከሌሉ የቀረው አመጋገብ መቀነስ ነው። ቡና የሚያዘወትር ሰው ራስ ምታቱ ጾሙን እንዳያበላሽበት ከሳምንት በፊት እየቀነሰ ይምጣ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግር። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ብዥታ ሲመጣ መብላት ነው እንጂ መጽናት አይደለም።

አሥራት ላይ ከ36 እስከ 39 ያለው ጭቅጭቅ ከጠቅላላ ገቢ ነው ከተጣራ የሚል ስለሆነ አልዘረዝረውም፤ አልተጨረሰም፣ የሚጨረስም አይመስልም። ከመሐሉ የሚጠቅመው 38ኛው ነው። ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ሳይሆን ከመቶ እጅ ያቅድ፤ በጥሩ ወር የተገባ ቁርጥ ገንዘብ በመጥፎ ወር ብድር ያስገባል። የሚለየውም ገንዘቡ በገባበት ቀን ነው፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 ጳውሎስ በየሳምንቱ መጀመሪያ አስቀምጡ ያለው እሱ ሲመጣ ከተረፈው እንዳይለቃቀም ነው። እስከ ወር መጨረሻ የቆየ አሥራት አሥረኛ መሆኑ ይቀራል፤ ትራፊ ይሆናል።

40ኛው ክትትልን በተመለከተ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን የካቶሊክ ቄስ፣ የሎዮላውን ኢግናጥዮስን ዘዴ አመጣ። ሰባት ኀጢአት በአንድ ጊዜ አይታገሉም፤ አንዱ ይመረጣል። ጧት ሲነሡ እሱን ለመጠንቀቅ ማሰብ፤ ከምሳ በኋላና ከራት በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ መመርመር። ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት መሥመር ይሠመራል፣ አንዱ ለቀን አንዱ ለማታ፤ በተወደቀ ቁጥር አንድ ነጥብ ይደረጋል። ማታ ሁለተኛው መሥመር ከመጀመሪያው፣ ሳምንቱ ሲያልቅም ይህ ሳምንት ካለፈው ይነጻጸራል። 41ኛው ነጥብ ቆጠራው የሚያስጨንቃቸው፣ ኅሊናቸው ያለ ምክንያት የሚከስሳቸው ሰዎች ይህንን ዘዴ ያለ መንፈሳዊ መሪ እንዳይነኩ አስጠነቀቀ፤ እነሱ ዘንድ ነጥቡ ራሱ ሕመም ይሆናል።

42ኛው በየሳምንቱ ውጤታችንን እዚሁ ክር ላይ እንለጥፍ ሲል ሐሳብ አቀረበ። 43ኛው በአንድ ቃል ዘጋው፤ ማቴዎስ 6። ጸሎት፣ ጾምና ምጽዋት ሦስቱም በስውር የተባሉ ናቸው፤ እዚህ የሚለጠፈው ደግሞ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ይልቅስ አንድ የታመነ ሰው በቂ ነው። በሳምንት 15 ደቂቃ፣ በተቆረጠ ቀን፤ ጥያቄውም በመንፈስ እንዴት ነህ የሚል እንዳይሆን፣ መልሱ ሁልጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን ነውና። ከአምስቱ ቀን ስንቱ ሆነ፣ ያልሆነው ቀን ላይ ምን ነበረ፣ በሚመጣው ሳምንት ምን ይቀየር፤ ሦስት ጥያቄ። የተሰማው ከሁለቱ አይወጣም።

ክር ከፋቹ 44ኛ ሆኖ ተመለሰ። 12ቱን ወደ 3 አውርዷል፤ አዲስ ኪዳን በሳምንት 5 ቀን፣ 10 ደቂቃ ጸሎት በካርድ፣ ሐሜት ላይ የ3ኛው መላሽ ሦስት እጅ። ትንሽ ማቀድ የእምነት ማነስ ነው ያላትን ግን አልሻራትም፤ ጥቂት ማቀድና ትንሽ ማቀድ ለየቅል ናቸው ብሎ አለፋት። 45ኛው ሦስቱንም በአንድ ቀን እንዳይጀምራቸው መከረው፤ መጀመሪያ ጸሎቱ፣ ከአንድ ወር በኋላ ንባቡ፣ ሐሜቱ በሦስተኛው ወር። ንባቡ ዘግይቶ ስለሚጀምር 260ውን በቀሩት 48 ሳምንታት ለማድረስ በሳምንት 5 የነበረው በ20 ሳምንት 6 መሆን እንዳለበት፣ ካልሆነም ዓመቱ ሲዞር የቀረውን ይዞ መቀጠል እንደሚችል አሳየው።

የመጨረሻው 46ኛ መልስ ክሩን ዘግይቶ ያገኘ፣ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ መጀመር የሚፈልግ ሰው ለጠየቀው የተሰጠ ነው። የሚመጣውን ዓመት አትጠብቅ፣ ዘፍጥረትም አትመለስ ይለዋል፤ ዘፍጥረትን አሥር ጊዜ ጀምሮ ሕዝቅኤልን አንድ ጊዜ ያላየ ሰው ብዙ ነው። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት 5 ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ይፈጃል። እሱ ሲያልቅ የሐዋርያት ሥራ 28፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ስለ ቀሪው ይታሰባል።